ልጄ "ባሪያ ማለት ምንድን ነው?" አለችኝ

እናት ዘሜሪላንድ (የውይይቱን ክር የከፈተችው)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ አምስት ቀን ፈጅቶብኛል። እሑድ የሆነው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። አብራት የምትማር ጥቁር አሜሪካዊት ጓደኛ አለቻት። ቤተ ክርስቲያናችሁን ማየት እፈልጋለሁ እያለች ስትለምን ከርማ ባለፈው እሑድ ይዘናት ሄድን። የኔን ነጠላ አለበስኳት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆማ አስቀደሰች። እግሯ ሲዝል አይቼ "ቁጭ በይ" ብላት እምቢ አለች።

ከቅዳሴ በኋላ እንደተለመደው ምድር ቤት ወረድን፣ ምግብ ቀረበ። ልጅቷ በአንድ እጇ ትጠቀልላለች፣ ሽሮው ነጠላው ላይ እንዳይንጠባጠብ በሌላው መዳፏ ከሥር ትደግፋለች። ልጄ እየሳቀች አጎራረስ ታሳያታለች። ያን ጊዜ ቡና የምታድል አንዲት እናት፣ እኔ ራሴ "እማማ" የምላት ሴት፣ ፈገግ ብላ "ይቺን ባሪያ ደግሞ ማን አመጣት?" አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ስኒ እያቀበለች ነው የተናገረችው። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

እንግዳዋ ልጅ ሳቁን አይታ እሷም ፈገግ አለች። ወደ ልጄ ዞራ "ምን አሉኝ?" አለቻት። ልጄ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ቆንጆ ነሽ ነው ያሉሽ" አለቻት።

እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

ልጅቷን ቤቷ አድርሰን ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ "እማዬ፣ ባሪያ ማለት ምንድን ነው?" አለችኝ። ትርጉሙን ታውቃለች። ባታውቅ ኖሮ አትዋሽም ነበር። እኔ ምን እንደምል ልትሰማ ነው የጠየቀችኝ።

የ12 ዓመት ልጅ የኛን ነውር ለመሸፈን ብላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዋሸች። ምን ልበላት? ለዚያች እናትስ እንዴት አድርጌ ልንገራት? እባካችሁ ከልባችሁ መልሱልኝ።

ጋሽ ዳላስ፦

ልጄ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ግን አታካብጂው። ያቺ እናት በክፋት አልተናገረችም። ከድሮ የለመድነው አነጋገር ነው። ነጮቹ ሲናገሩት ያለው ጥላቻ እኛ ጋ የለም።

እኔ እዚህ አገር 31 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። እነሱም ቢሆኑ እኛን አይወዱንም። "ወደ አፍሪካህ ተመለስ" ብሎ የሰደበኝ ነጭ አይደለም፣ ጥቁር ነው። ሁለት ጊዜም ተዘርፌያለሁ። ደግሞ እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም። አድዋ ላይ ነጭን አሸንፈን በነፃነት የኖርን ሕዝብ ነን። ታሪካችን ይለያል። ልጆቻችን ይህን ኩራት ይዘው ቢያድጉ ክፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ዲያቆን ዘአትላንታ፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በአክብሮት ልከራከርዎ ነው። መዘረፍዎ፣ መሰደብዎ ያሳዝነኛል። ግን የዘረፉዎት ሁለት ሰዎች ናቸው። ያቺ እሑድ ነጠላ ለብሳ የቆመች ሕፃን ምን አደረገችዎ?

"ክፋት የለውም" የምንለው እኛ ተናጋሪዎቹ ስለሆንን ነው። እስቲ ቃሉን ከመጽሐፋችን እንየው። ገላትያ 3፥28 በአማርኛው "ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም" ይላል። ዛሬ "ጨዋ" ስንል የታረመ፣ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ማለታችን ነው። እዚህ ጥቅስ ላይ ግን ትርጉሙ ነፃ ሰው፣ ባሪያ ያልሆነ ነው። አያችሁ? ቋንቋችን መልካም ጠባይን ከትውልድ ጋር አንድ ላይ ሰፍቶታል። "የጨዋ ልጅ" ብለን ስንመርቅ፣ ከጀርባው ጨዋ ያልተባለ የሌላ ሰው ልጅ ቆሟል። ጳውሎስ የሰረዘው ያንን መስመር ነው።

ዘኍልቍ 12ንም አስቡት። ሙሴ ኢትዮጵያዊት አገባ ብለው ማርያምና አሮን አሙት። እግዚአብሔር ሰማ። ማርያም በለምጽ እንደ በረዶ ነጭ ሆነች፤ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። ይህን ታሪክ እኛ በጣም እንወደዋለን፤ ሴቲቱ የኛ ናትና። እሑድ ምድር ቤት ውስጥ ግን ነጠላ የለበሰችው ልጅ በዚያች ሴት ቦታ ነበረች። እኛ የተቀመጥነው ማርያም ወንበር ላይ ነው።

አሞጽ 9፥7ንም እንደዚሁ ግማሹን ብቻ ነው የምንጠቅሰው። "የእስራኤል ልጆች ሆይ፥ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?" የሚለውን በትልቅ ድምፅ እንናገራለን። ከሥሩ ግን ያው እግዚአብሔር ፍልስጥኤማውያንንም ሶርያውያንንም ከየነበሩበት ያወጣሁ እኔ ነኝ ይላል። ነቢዩ "እኛ እንለያለን" የሚለውን ኩራት እያፈረሰ ነው። እኛ ያንኑ ጥቅስ ለመለያየት ተጠቀምንበት።

ስንክሳራችን ሰኔ 24 ሙሴ ጸሊምን ያስባል። ከባርነት የወጣ፣ ሽፍታ የነበረ፣ በኋላ የገዳም አባት የሆነ ጥቁር ሰው ነው። መልኩ ስሙ ላይ ተጽፎ በቅድስና ይጠራል። ሥዕሉን ተሳልመን ወጥተን፣ ደረጃ ወርደን፣ እሱን የምትመስል ልጅ ስናይ አፋችን ምን አለ?

ሳራ ከሎስ አንጀለስ፦

አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ሰባኪ "ጥቁሮች የካም እርግማን አለባቸው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጉባኤው አሜን አለ። እውነት መጽሐፉ ውስጥ አለ ወይ?

ዲያቆን ዘአትላንታ፦

እህቴ፣ የለም። ዘፍጥረት 9፥25ን ገልጠሽ አንብቢው። ኖኅ የረገመው ካምን አይደለም፣ ከነዓንን ነው። ምዕራፍ 10 ቁጥር 6 ላይ የካም ልጆች ይዘረዘራሉ፤ ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥ፣ ከነዓን። ኩሽ የሚለው ስም ደግሞ በአማርኛው መጽሐፍ በብዙ ቦታ "ኢትዮጵያ" ተብሎ የተተረጎመው ነው። እርግማኑ በካም ዘር ሁሉ ላይ ቢሆን ኖሮ ሰባኪው መጀመሪያ የረገመው ራሱን ነበር።

ይህን ትምህርት የአሜሪካ ባሪያ አሳዳሪዎች አጥብቀው ይሰብኩት ነበር። ሰው ሲሸጡ ሕሊናቸው እንዳይወቅሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1807 ደግሞ ለንደን ላይ በካሪቢያን ደሴቶች ላሉ ባሮች የሚሰጥ ለብቻው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። አብዛኛው ተቆርጧል። እስራኤል ከግብፅ ባርነት የወጡበት ታሪክ የለበትም። ባሪያው ያንን ቢያነብ ምን እንደሚያስብ ያውቃሉ። መጽሐፉን የሚፈራው ማን እንደሆነ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው ትውልድ፦

አማርኛዬ ከተበላሸ ይቅርታ። እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት። 19 ዓመቴ እያለ ፖሊስ አስቆመኝ። እጄን መሪው ላይ አድርጌ 40 ደቂቃ ተቀመጥኩ። ፖሊሱ ስለ አድዋ አልጠየቀኝም። ጋሼ፣ ለሱ እኔና ያቺ ልጅ አንድ ነን።

ሌላም ነገር ልበል። ወላጆቻችን የመጡበት በር የተከፈተው በማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1965 የኢሚግሬሽን ሕጉ ሲቀየር የዘር ኮታው ቀረ። ያ ሕግ የወጣው የሲቪል መብት ትግሉ በጋለበት ጊዜ ነው። ውሻ የተለቀቀባቸው፣ እስር ቤት የገቡት የነዚህ ሰዎች አያቶች ናቸው።

ከዚያም በፊት ጣሊያን ሲወረን ከቺካጎ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ፓይለት መጣልን፤ ጆን ሮቢንሰን። ለንጉሡ በረረ፣ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ሞተ። ለሱም ነው ያ ቃል?

ስሜን አልናገርም፦

የቤታችንን ነውር ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ምን ይጠቅማል? ገመና ይሸፈናል። ክሩ ቢዘጋ ጥሩ ነው።

እናት ዘሜሪላንድ፦

ልጄ ሸፈነችው እኮ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

የጆበርግ ልጅ፦

እኔ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለኝ። እዚህ እኛን "መክዌሬክዌሬ" ይሉናል። ቋንቋው የማይሰማ፣ ዝም ብሎ የሚንጫጫ የውጭ ሰው ለማለት ነው። ሰደቡኝ ስል የሚሰድበኝ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? "በክፋት አይደለም፣ ለምደነው ነው" ይላል። ጋሼ፣ የርስዎን መልስ ሳነብ ያ ነው ትዝ ያለኝ።

እዚህ አገር ያየሁትን ላውራችሁ። አፓርታይድ በሕግ ከመምጣቱ ብዙ ቀድሞ ማዕድ ላይ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1857 የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ተሰበሰበ። ጥያቄው ነጭና ጥቁር አንድ ላይ ይቁረቡ ወይስ አይቁረቡ ነበር። ሲኖዶሱ አብሮ መቁረቡ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው ብሎ አመነ። ልብ በሉ፣ ትክክሉን ያውቁታል። ግን "በአንዳንዶች ድካም ምክንያት" ለብቻ ማገልገል ይቻላል ብሎ ቀዳዳ ተወ። ደካሞቹ ከጥቁር ጋር መቁረብ የማይፈልጉት ነጮች ናቸው። ያቺ ቀዳዳ ሰፋች። በ1881 ክልስ ለተባሉት ምእመናን ለብቻቸው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመላቸው። ኋላ ፖለቲከኞቹ መጥተው አገሩን በሙሉ በዚያ ልክ ቆረጡት።

ያች የተገፋች ቤተ ክርስቲያን ግን በ1982 ቤልሃር በምትባል ሰፈር ተሰብስባ የእምነት መግለጫ ጻፈች። በ1986 አጸደቀችው። ሰውን በዘር መለየት የአስተዳደር ስህተት ሳይሆን ወንጌልን መካድ ነው አለች። እኔ በዚህ አምናለሁ። "ጥፋት ነው ግን ትንሽ ጥፋት ነው" የሚባል ነገር አይደለም። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ስንል፣ ያንን መልክ መናቅ ሠሪውን መናቅ ነው።

ደግሞ ይህን ስሙ። በ1892 ፕሪቶሪያ ውስጥ ማንጌና ሞኮኔ የሚባል ጥቁር ቄስ ከነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ልዩነቱን መሸከም አቃተው። የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርት ስሟን ምን አላት? ኢትዮጵያ። "ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" ከሚለው መዝሙር ወስዶ። ኒውዮርክ ላይም በ1808 በዘር ተለይታችሁ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ ያሉ ምእመናን የመሠረቷት ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን ትባላለች። ሰዎች ሲገፉ የኛን ስም ይዘው ቀና አሉ። እነሱ ስማችንን እንዲህ ሲይዙት እኛ ምን ብለን እንደምንጠራቸው አስቤ አለቀስኩ።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፦

ስለ አሜሪካ ብዙ አላውቅም። ከአገር ቤት ነው የምጽፈው። ግን ይህን ክር ማታ አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ጀበናም ምጣድም ድስትም ትሠራለች። እጇ የታወቀ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያለው እንጀራ በሙሉ በሷ ምጣድ ነው የሚጋገረው። ግን ቤታችን ገብቶ እህል የቀመሰ ጎረቤት አላስታውስም። "ቡዳ ናቸው" ይሉናል። ልጅ ሲታመም ወደ እናቴ ይታያል። እኔ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ እንጀራዋን ስትበላ ቀና ብዬ ካየሁ ምሳቃዋን ትከድናለች።

አንድ ቀን የማርያም ዕለት ጎረቤት ቡና ተፈላ። እናቴም ተጠርታ ሄደች፣ እኔ ከጎኗ። በር ሥር ተቀመጥን። ጀበናው እናቴ የሠራችው ነው። በሱ ጀበና ለሁሉም ተቀዳ። ለኛ ሲደርስ ሴትዮዋ ተነሥታ አጥሩ ላይ የተሰቀለች ጣሳ አመጣች። እጀታ የላትም፣ አፏ ዝጓል። ቡናችንን በሷ ቀዳችልን። እናቴ አመስግና ጠጣች። ስንጨርስ ጣሳዋ ተመልሳ አጥሩ ላይ ተሰቀለች። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጀበናውን እያየሁ ነበር የጠጣሁት።

ያቺ ሴትና እናቴ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚቆርቡት።

ገላትያ 2ን ሳነብ ጴጥሮስ በጣም ያሳዝነኛል። አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር። የሚፈራቸው ሰዎች ሲመጡ ከማዕዱ ሸሸ። በቃ ይሄው ነው ጥፋቱ። ማንንም አልመታም፣ አልሰደበም። ከማዕድ ብቻ ተነሣ። ጳውሎስ ግን በሁሉ ፊት ተቃወመው፤ እንደ ወንጌል እውነት በቅንነት አልሄዳችሁም አለ። ለብቻው ጠርቶ አልመከረውም። ነውሩ በሰው ፊት ነው የተሠራው፣ የተገፉትም ሰዎች እዚያው ተቀምጠዋል።

እህቴ፣ አንቺ ለዚያች እናት በፍቅር ንገሪያት። ግን ለእንግዳዋ ልጅ መናገርን አትርሺ። ለእናቴ እስከ ዛሬ ማንም ይቅርታ አላላትም።

የነቀምት ልጅ፦

እህቴ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ እናትሽን ሳሚልኝ። እዚህ ቢመጡ እኛ ቤት በማዕዳችን መካከል ይቀመጣሉ።

ለልጅሽ ምን ልበላት ላልሽው እናት፣ የአናሲሞስ ነሲብን ታሪክ ንገሪያት። የኢሉባቦር ልጅ ነው። የአራት ዓመት ገደማ ልጅ ሳለ ባሪያ ነጋዴዎች ነጠቁት። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፣ የስዊድን ሚሲዮን አስተማረው፣ ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። ጳውሎስ ለፊልሞና "ከባሪያ የሚሻል የተወደደ ወንድም" ብሎ የመለሰለት ሰው ስም ነው። ያ ልጅ አድጎ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መለሰ። በ1899 ታተመ። በሥራው የረዳችው አስቴር ጋኖም በባርነት ተሽጣ ባሕር ላይ የተረፈች ሴት ናት።

እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን አገሬው ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? ያንኑ ቃል። እኔ ግን ቃለ እግዚአብሔርን በእናቴ ቋንቋ ያነበብኩት በነሱ እጅ ነው።

ጋሽ ዳላስ፦

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ያነሳችው ጣሳ አንድ ነገር አስታወሰኝ።

አያቴ ቤት አንድ ሰውዬ ነበር። ረዥም፣ በጣም ጥቁር። እንጨት የሚፈልጠው፣ ከብት የሚጠብቀው እሱ ነው። ጥምቀት ሲሆን እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ ታቦት የሚያሳየኝ እሱ ነው። ሁላችን በልተን ስናበቃ የተረፈውን በር ሥር ተቀምጦ ይበላል። ባርነት በሕግ የተከለከለው በኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው። እኔ የማወራችሁ ከዚያ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሕጉ አያቴ በር ላይ አልደረሰም ነበር።

"እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም" ብዬ ጽፌ ነበር። "እኛ" ስል እሱን አልቆጠርኩትም ማለት ነው።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስሙን ለማስታወስ ስሞክር ነበር። ታላቅ እህቴ ጋ አዲስ አበባ ደወልኩ። እሷም አታውቀውም። "አንተ" ነበር የምንለው። ክርስትና የተነሣ ሰው ነው፣ የክርስትና ስም ነበረው። የአያቴን በቅሎ ስም ሁለታችንም እናስታውሳለን።

ልጄ፣ "አታካብጂው" ያልኩሽን ይቅር በይኝ። ታክሲ ላይ የሰደበኝን ሰውዬ ፊት ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ይህ ገና ከልቤ አልወጣም፤ አልዋሽሽም። ጸልዩልኝ።

እናት ዘሜሪላንድ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ሲጽፉ እኔ ስልክ ይዤ እያመነታሁ ነበር። ያንን ካነበብኩ በኋላ ደወልኩ።

መጀመሪያ ለእማማ። አላመነችኝም። "እኔ? ለዚያች ለምታምር ልጅ?" አለችኝ። መናገሯን እንኳ አታስታውሰውም። ቃሉን ስደግምላት ዝም አለች። ከዚያ "ልጅሽ ሰማች?" ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋው አስቀመጠችው። ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ለልጅቷ እናት መንገሩ ከዚያም ይከብዳል። ሁሉንም ነገርኳት። ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ የልጄን ውሸት። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "አንቺ ያን ጊዜ ምን አልሽ?" ምንም አልኩ። "እሺ" አለችኝ። ቅዳሜ ቤቷ ጠራችን።

ትናንት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሁለቱ ልጆች ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ልጄ እያፈረች ጀመረች። "ቆንጆ ነሽ ነው ያሉሽ ያልኩሽ ውሸቴን ነው" አለቻት።

ልጅቷ "አውቃለሁ" አለቻት። "ቆንጆ ሲባል ሰው እንደዚያ አይስቅም።"